«በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?»



መርካቶ ወይም ፒያሳ አንድ ሱቅ ገብታችሁ ዋጋ ስትጠይቁ ከመልሱ ጋር አብሮ የሚመጣ ጥያቄ አለ። «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» ይላችኋል ሻጩ። በደረሰኝ ከሆነ 15 በመቶው ይደመራል፤ ያለ ደረሰኝ ከሆነ ይቀራል። አብዛኞቻችን ብዙም ሳናስብ «ያለ ደረሰኝ ይሁንልኝ» እንላለን። ኑሮ ተወዷልና ማንም ሊፈርድብን አይችልም። ዛሬ ልናገር የመጣሁት ግን በዚያች አፍታ ቅናሹን ስንቀበል ምን አሳልፈን እንደምንሰጥ ነው።

ሐሳቤን ከመነሻው ልናገር። አገራችን የሸማች ሕግ አላጣችም። ያጣነው ሸማቹ ሕጉን ራሱ አንሥቶ የሚጠቀምበትን መንገድ ነው። ለረጅም ጊዜ ሸማችን መጠበቅ ማለት መንግሥት ዋጋ ሲቆርጥለት፣ ሱቅ ሲያሽግለት፣ ኮታ ሲያከፋፍልለት ማለት ሆኖ ቆይቷል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ሸማቹ ተመልካች ነው። ዕቃው ተበላሽቶበት «ገንዘቤን መልስልኝ» ያለ ቀን ግን አጠገቡ ማንም የለም።

ገበያን መዳኘት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ነጋድራስ ይባል የነበረው ሹም ቀረጥ ከማስከፈሉ ጎን ለጎን በንግድ የተጣሉትን ይዳኝ ነበር፤ ስለ አገር ኢኮኖሚ አስቀድመው ከጻፉልን ሰዎች አንዱ የሆነው ገብረ ሕይወት ባይከዳኝም የድሬዳዋ ነጋድራስ ነበር። ከሹሙ በታች ደግሞ ተራው ሰው ራሱ ዳኛ ይሆን ነበር። ተበዳይ «በሕግ አምላክ!» ብሎ ሲጣራ መንገደኛው ይቆማል፤ ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸውን ቋጥረው ወደ ዳኛ አብረው ይሄዳሉ። ይህን የማነሣው የድሮውን ለማሞገስ አይደለም፤ ድሀ በሹም ፊት ይደርስበት የነበረውን እናውቃለን። ነገር ግን ፍትሕ ቅርብ መሆን እንዳለበት፣ ነገር ሳይቀዘቅዝ መታየት እንዳለበት ሕዝባችን ከአዋጅ በፊት ያውቅ ነበር።

ዘመናዊው ሕግ የመጣው በ1952 ዓ.ም. ነው። ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁት የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2287 ሻጩ ዕቃው ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ለገዢው ዋስ እንዲሆን ያዝዛል። በቁጥር 2085 ደግሞ ለትርፍ ሲል ዕቃ ሠርቶ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው፣ ዕቃው በተለመደው አገልግሎቱ ሳለ ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። እነዚህ ድንጋጌዎች ዛሬም ሳነብባቸው የሚያኮሩ ናቸው። ድክመታቸው ሻጭንና ገዢን እኩል አድርገው ማየታቸው ነው። ፓምፕ ያስመጣው ኩባንያና ፓምፑን የገዛው የቡሬ ገበሬ በአንድ መስመር ይሰለፋሉ። ገበሬው ጉድለቱን መርምሮ ማወቅ፣ ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ፣ ካልሆነም ከስሶ ማስረዳት አለበት። ይህን ሁሉ ለማድረግ ጊዜውም ገንዘቡም እውቀቱም ያለው ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ መናገር አያሻም።

ደርግ ሲመጣ ገዢው ተከራካሪ መሆኑ ቀረና ኮታ ተቀባይ ሆነ። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት እህሉን በተቆረጠ ዋጋ ይሰበስባል፤ የቀበሌው ሱቅ ስኳሩን፣ ሳሙናውን፣ ጤፉን በካርድ ያድላል። በዚያ ሰልፍ የቆማችሁ ታስታውሱታላችሁ፤ ስኳሩ ርሷል፣ ዱቄቱ ነቅዟል ብሎ የሚመልስ አልነበረም። የደረሰውን ተቀብሎ መሄድ ነበር። ያ ዘመን አንድ ልማድ ጥሎብን አለፈ፤ ለገዢ ማሰብ ማለት ዋጋ መቁረጥ ነው የሚል። ሥርዓቱ ቢወድቅም ልማዱ አልወደቀም።

ነጻ ገበያ ከታወጀ በኋላ በ1995 ዓ.ም. የወጣው የንግድ አሠራር አዋጅ ቁጥር 329 ትኩረቱ በነጋዴዎች መካከል ባለው ውድድር ላይ ነበር፤ ሸማቹ በጓሮ በር ነው የገባበት። ስሙ በአዋጅ ርእስ ላይ የተጻፈለት በ2002 ዓ.ም. በወጣው የንግድ አሠራርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 685 ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የሸማቾች ጥበቃ መመሪያዎችን ካጸደቀ ያን ጊዜ 25 ዓመት ሆኖት ነበር። ዘግይተናል፤ ቢሆንም ደርሰናል።

ከዚያ የሆነው ግን ያሳዝነኛል። አዋጁ ከወጣ ዓመት ሳይሞላው፣ በ2003 ዓ.ም. አጋማሽ ገደማ፣ መንግሥት በዘይት፣ በስኳር፣ በዳቦ፣ በሥጋና በሌሎችም ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ አወጣ። ሸቀጡ ከመደርደሪያ ጠፋ። ወራት ቆይቶ አብዛኛው ጣሪያ ተነሣ፤ ዘይትና ስኳር ግን በሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት በኩል በኮታ መከፋፈላቸውን ቀጠሉ፤ ሰልፉም ተመለሰ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን በተደረገበት ሰሞንም ደጋግመን የሰማነው ስለታሸጉ ሱቆች ነው። ሸቀጥ የሚደብቅ ነጋዴ መኖሩን አልክድም፤ ማከማቸት ወንጀል ነው፣ ሊቀጣም ይገባል። ነገር ግን ምንዛሬ ሲለወጥ ባለሱቁ የሚሸጠው ነገ የሚተካበትን ዋጋ እያሰበ ነው። ሱቁ ቢታሸግ ዶላሩ አይወርድም። ሱቅ በማሸግ የደከመ መሥሪያ ቤት ደግሞ የተበላሸ ማቀዝቀዣ ይዛ ለመጣች ሴት የሚሆን ጊዜ አይተርፈውም።

በ2006 ዓ.ም. የፊተኛውን አዋጅ ተክቶ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ወጣ። አንብቡት እላለሁ። ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ወይም አገልግሎት ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ አማርጦ የመግዛት፣ ለደረሰበት ጉዳት ካሣ የመጠየቅ መብት አለው። ከሁሉ አብልጬ የምወደው ግን ሌላ ነው። ዕቃ አማርጦ ወይም ዋጋ ተከራክሮ ስላየ ብቻ እንዲገዛ አይገደድም፤ ነጋዴውም በትሕትናና በአክብሮት ሊያስተናግደው፣ ስድብና ዛቻ ሊቀርለት ይገባል ይላል። ጫማ ሦስት ጊዜ ለክታ ሳትገዛ ስትወጣ «ካልገዛሽ ለምን ታለፊናለሽ?» የተባለች ልጅ ያ ዘለፋ በአዋጅ የተከለከለ መሆኑን ብታውቅ፣ አንገቷን ደፍታ አትወጣም ነበር።

ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ይህን መብት የሚያስቀር ውል ቢጻፍ ውሉ አይጸናም። በየሱቁ ግድግዳ የምናየው «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀትም ዕቃው ጉድለት ካለበት በሕግ ፊት ጉልበት የለውም።

ታዲያ ሰው በዚህ ሁሉ ለምን አይጠቀምም? ወደ ደረሰኙ እንምጣ።

አዋጁ ነጋዴ ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ደረሰኝን ለሕዝቡ ያስተዋወቀው ግን የግብር ሕግ ነው። ተጨማሪ እሴት ታክስ በ1995 ዓ.ም. ሥራ ላይ ሲውል፣ በኋላም በ1999 ዓ.ም. በወጣው ደንብ የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ ግዴታ ሲሆን፣ ተቆጣጣሪው የመጣው ከገቢዎች ነበር። የሰማነው ቅስቀሳ ሁሉ ደረሰኝ መጠየቅ ለአገር ልማት ነው የሚል ነው። እውነት ነው፤ ግን ግማሹ ነው። «ይህ ወረቀት የአንተ ነው፤ ዕቃው ቢበላሽ ይዘኸው የምትመጣው እሱን ነው» ብሎ የነገረን የለም። ሰዉም ደረሰኝን የመንግሥት ጉዳይ አድርጎ ያዘው።

እስቲ ሒሳቡን አብረን እናስላ። የ20,000 ብር ስልክ ያለ ደረሰኝ የገዛ ሰው 3,000 ብር ይተርፈዋል። ለደመወዝተኛ ትልቅ ገንዘብ ነው። ሻጩ «ኦሪጅናል ነው፣ የአንድ ዓመት ዋስትና አለው» ይለዋል፤ በቃል። በአሥረኛው ቀን ባትሪው ያብጣል ወይም ስክሪኑ መስመር ያወጣል። ይዞ ሲመለስ ያኔ የሸጠለት ልጅ የለም። ያለው ልጅ ስልኩን ገልብጦ ያይና «ከእኛ መገዛቱን በምን አውቃለሁ?» ይለዋል። ነገሩ እዚያ ላይ አበቃ። 15 ቀኑም፣ ቁጥር 2287ም፣ አዋጅ 813ም በዚያች ጥያቄ ፊት ይቆማሉ። ሰውየው 3,000 ብር ያተረፈ መስሎት 20,000 ብሩን ያለ ዋስ አስረክቦ ነበር።

ነጋዴውን ብቻ መውቀስ ተገቢ አይመስለኝም። እሱም ስልኩን ከአከፋፋይ ያለ ደረሰኝ ወስዶት ሊሆን ይችላል፤ ለገዢው ቢለውጥለት እሱ ራሱ ወደ ማን ይመልሳል? ከአስመጪው እስከ ሱቁ ደረሰኝ በሌለበት፣ ጉድለት ወደ መጣበት የሚመለስበት መንገድ የለም፤ ኪሣራው መጨረሻ ላይ በቆመው ሰው ላይ ያርፋል። ስለዚህ የሚለጠፈውም የሚነገረውም ዋጋ ታክሱን ያካተተ አንድ ዋጋ ይሁን ብዬ እከራከራለሁ። ሁለት ዋጋ እስካለ ድረስ መብቱን የሚሸጥ ሰው አይጠፋም።

የጉሊት ነጋዴዋን ከዚህ ውስጥ አላስገባም። ከእሷ ጋር ያለን ደንበኝነት ነው። ሽንኩርቱ የበሰበሰ ከሆነ ነገ ትለውጥልናለች፤ ባትለውጥ ወደ ጎረቤቷ እንሄዳለን፤ ይህን እሷም ታውቃለች። ሕግ የሚያስፈልገን ደንበኝነት በማይደርስበት፣ ሻጩን ዳግም በማናገኝበት፣ የዕቃው ውስጥ በማይታይበት ቦታ ነው።

ውስጡ የማይታይ ስል ምግብን ማለቴ ነው። ሙዝ የገባበት ቅቤ፣ የሸክላ ዱቄት የተቀላቀለበት በርበሬ፣ ጄሶና ሰጋቱራ የተደባለቀበት እንጀራ፣ ማር ተብሎ የሚሸጥ የፈላ ስኳር፤ ይህን ሁሉ በየጊዜው በዜና ሰምተናል። እዚህ ደረሰኝ አያድንም፤ ገዢዋ መታለሏን አታውቅማ። በርበሬ ስትገዛ ቀለሙን ታያለች፣ ታሸተዋለች፣ ጣቷን ነክራ ትቀምሳለች። ከዚያ በላይ ምን ታድርግ? ወጡ አልቆ ድስቱ ሥር አሸዋ የመሰለ ነገር ሲቀር ነው የምትጠረጥረው፤ ያን ጊዜ ልጆቿ በልተውታል። ይህ ከሌላው ማጭበርበር ሁሉ የከፋ ነው፤ ስለዚህም በቁጣ ነው የምናገረው። ላብራቶሪ ያለው መንግሥት ነውና እዚህ ላይ ኃላፊነቱ የእሱ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የምግብን ቁጥጥር ለኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሰጥቷል። ባለሥልጣኑ የአምራች ስምና አድራሻ፣ የምርት መለያ ቁጥር ወይም የመጠቀሚያ ጊዜ ያልተጻፈባቸውን ዘይት፣ ማር፣ የለውዝ ቅቤና ጨው በየስማቸው እየዘረዘረ ሕዝቡ እንዳይገዛ የሚያሳስብበት ጊዜ አለ። ሱቅ ከማሸግ ይልቅ ይህ ይጠቅመናል፤ በእጃችን የምንይዘው እውቀት ይሰጠናልና። ዝርዝሩ ግን የአንድ ቀን ዜና ሆኖ ያልፋል። በየገበያው በር፣ በአካባቢው ቋንቋ፣ ተለጥፎ መክረም አለበት።

አሁን ወደ ተቋሙ ልምጣ። አዋጅ 813 ያጠናከረው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣን የሚባል መሥሪያ ቤት ነበረን። መመርመር ብቻ ሳይሆን የዳኝነት ችሎትም ነበረው፤ ክልሎችም የየራሳቸውን እንዲያቋቁሙ አዋጁ መንገድ ከፍቶላቸዋል። በ2014 ዓ.ም. የፌዴራል አስፈጻሚ አካላት እንደገና ሲደራጁ ያ መሥሪያ ቤት ቀርቶ ሥራው ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ገባ። ይህን እንደ ስሕተት ነው የማየው። ሚኒስቴሩ ነጋዴ የሚመዘግብ፣ ንግድ የሚያስፋፋ፣ ዋጋ ሲንር የሚጠየቅ ቤት ነው። የአንዲት ሴት ማቀዝቀዣ በዚያ ቤት ውስጥ ተራ አይደርሰውም፤ ሰዎቹ ስለሰነፉ አይደለም፣ የቤቱ ትልቅ ሥራ ሌላ ስለሆነ ነው።

ፍርድ ቤት አለ እንዳትሉኝ። የ4,000 ብር ጁስ መፍጫ የተበላሸበት ሰው ክስ ያስጽፋል፣ የዳኝነት ይከፍላል፣ መጥሪያ ያደርሳል፣ ቀጠሮ በመጣ ቁጥር ከሥራ ይቀራል። ገና መንገዱን ሳይጀምር ያሰላውና «ይቅርብኝ» ይላል። ስሌቱ ትክክል ነው። ነጋዴውም ያንኑ ስሌት ያውቀዋል፤ ለዚህ ነው «የትም ድረስ» ለማለት የማይፈራው።

ሕንድ ይህን ችግር ሀብታም እስክትሆን አልጠበቀችም። በ1986 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያወጣችው ሕግ ከአውራጃ እስከ አገር አቀፍ ድረስ ሦስት እርከን ያለው የሸማቾች ሸንጎ አቋቋመ፤ ገዢው ያለ ጠበቃ ራሱ ቀርቦ አቤት ይላል። በ2019 ሕጉን ስታድስ ደግሞ ሸማቹ በሚኖርበት አካባቢ እንዲከስ ፈቀደች። እርግጥ ነው ሸንጎዎቹ መዝገብ ይበዛባቸዋል፤ መብዛቱ ግን ሰው እንደሚመጣባቸው ያሳያል። ጎረቤታችን ኬንያም በ2010 ባጸደቀችው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 46 ላይ የሸማችን መብት ጽፋለች። የእኛ ሕገ መንግሥት ይህን ለይቶ አልጻፈም፤ ቢጻፍ ደስ ይለኛል። ለጊዜው ግን ከአንቀጽ ይልቅ አንድ ጠረጴዛ ነው የምመኘው።

ወደ ጠረጴዛው ከመሄዴ በፊት ስለ አዲሱ ገበያ አንድ ነገር ልበል። ወጣቶቻችን ዛሬ የሚሸምቱት ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ ነው። ገንዘቡ ቀድሞ ይላካል፤ ሞተረኛው በር ላይ አድርሶ ይሄዳል፤ ካርቶኑ ሲከፈት 38 ቁጥር ጫማ ያዘዘችው ልጅ 40 ታገኛለች። ስትጽፍለት ሻጩ ብሎክ አድርጓታል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 እንዲህ ላለው ሸማች ጥበቃ አስቀምጧል፤ ብሔራዊ ባንክም የፋይናንስ አገልግሎት ተጠቃሚዎችን የሚጠብቅ መመሪያ አውጥቷል። እኔን ተስፋ የሚሰጠኝ ግን ከሕጉ ይልቅ አሠራሩ ነው። በቴሌብር ወይም በባንክ የተከፈለ ገንዘብ መልእክቱ ስልክ ላይ ይቀራል፤ ለማን፣ መቼ፣ ስንት እንደተከፈለ ይናገራል። ደረሰኝ ተቀብላ የማታውቅ ልጅ ሳታስበው ማስረጃ ይዛለች። የሚቀረው ያንን መልእክት የሚመለከትላት ሰው ነው።

ጠረጴዛው እንግዲህ ይህን ይመስላል። በወረዳው ግቢ ውስጥ፣ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሕግ የተማረ አንድ ዳኛና አንድ ጸሐፊ ይቀመጣሉ። ተበዳዩ በቃሉ ይናገራል፤ ጸሐፊው ይጽፍለታል። ደረሰኝ ካለ ደረሰኝ፣ ከሌለ የክፍያ መልእክት፣ እሱም ከሌለ ምስክር ይሰማል። ባለሱቁ በስልክ ይጠራል፤ ሱቁ ሁለት መንገድ ማዶ ነውና። እሱም የሚለው አለው፤ ስልኩን ውኃ ውስጥ ጥሎ «ተበላሽቶ ሸጠልኝ» የሚል ገዢም አለና ይደመጥ። ጉዳዩ በአንድ ቀጠሮ ይለቅ። ተጠርቶ ያልቀረበ ወይም የተወሰነበትን ያልከፈለ ነጋዴ ፈቃዱን ሊያድስ ሲመጣ ውሳኔው ይጠብቀዋል፤ ንግድ ፈቃድ በየዓመቱ ስለሚታደስ ሌላ አስገዳጅ ኃይል መፈለግ አያስፈልግም።

መሠረቱ ከዚህ በፊት ተጥሏል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአዲስ አበባ ቻርተር ለቀበሌ ማኅበራዊ ፍርድ ቤቶች እስከ 5,000 ብር የሚደርስ ክርክር እንዲያዩ ሥልጣን ሰጥቷቸው ነበር። ዛሬ በ5,000 ብር የሚገዛው ዕቃ ጥቂት ስለሆነ የገንዘቡ መጠን ከፍ ማለት አለበት። ጉቦ ይገባበታል የሚል ስጋት ይነሣል፤ ስጋቱ ተገቢ ነው። ስለዚህ ችሎቱ በር ከፍቶ ይቀመጥ፤ ውሳኔዎቹም የሱቁ ስም ተጽፎባቸው በወረዳው ሰሌዳ ላይ ይለጠፉ። የሕግ ትምህርት ቤቶቻችን ነጻ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡ ማዕከላት አሏቸው፤ ተማሪዎቻቸው እዚያ ተቀምጠው አቤቱታ ቢያዳምጡ ከመጽሐፍ የማያገኙትን ይማራሉ።

ለመጀመር አንድ ክፍለ ከተማ ይበቃል። አዲስ ከተማ ቢሆን እመርጣለሁ፤ መርካቶ እዚያ ነው። የመርካቶን ነጋዴ ዳኝቶ ውሳኔ ያስፈጸመ ችሎት ባሕር ዳርም፣ አዳማም፣ ሐዋሳም አይቸግረውም። በዚህ አዳራሽ የከተማው ምክር ቤት አባላትና የንግድ ቢሮ ባለሙያዎች ካላችሁ፣ ይህን ዝርዝር በጽሑፍ አዘጋጅቼ ይዤ መጥቻለሁ፤ ከዝግጅቱ በኋላ እንነጋገርበት።